ልብስ ራሱን ያጥባል እንዴ?

የምሥራች! ኧረ የምሥራች! ተፈቅዷል፣ ተወስኗል፣ እሑድ ጠዋት ነው! የማን ምሥራች እንደሆነ ግን አሁን አልነግራችሁም። ደስታ እንደ ፈላ ወተት ነው፤ ካልተጠበቀ ገንፍሎ እሳቱን ያጠፋል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ከሴትዮዋ ልጀምር።

በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ጉባኤ አንድ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። ለአፍታ ካንቀላፋ ሰዎች የእግዚአብሔርን ክብር ሰርቀው በጓሮ በር የሚሾልኩ የሚመስለው ሰው! ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይከፍለውም፤ እሱ ግን ከዘብነቱ ንቅንቅ አይልም። በእኛ ጉባኤ ይህን ከባድ ኃላፊነት በትከሻቸው የተሸከሙት የልብስ ማጠቢያ ቤቷ ባለቤት፣ ክብርት እትዬ ጸጋ-ብቻ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ፊታቸው ስንቆም "እትዬ" ብለን እናሳጥረዋለን፤ ነፍሳችንን ስለምንወድ።

የእኔን የሰዓት መጠገኛና የእሳቸውን ማጠቢያ ቤት የሚለየው አንዲት ቀጭን የጣውላ ግድግዳ ናት። ግድግዳ ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ወፍራም መጋረጃ በሏት። እትዬ ሲያስነጥሱ እኔ "ይማርዎ" እላለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቼ ነው።

አንድ ጠዋት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ነጭ ሸሚዟን ልትወስድ መጣች። ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ ስታየው የቀለሙ እድፍ ድራሹ ጠፍቷል።

"እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ! ይለቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መቼም የእርስዎ ጉብዝና!"

እትዬ ሸሚዙን ከእጇ ላፍ አድርገው ከባንኮኒው ሥር ከተቱት።

"የማን ጉብዝና?"

"የእርስዎ..."

"ውኃውን እኔ ፈጠርኩት? ሳሙናው ከእኔ ወጣ? ይሄን እጅስ ከየት ሱቅ ገዛሁት?"

ምስኪኗ ልጅ ሸሚዟን የተረከበችው ምስጋናዋን ከባንኮኒው አንሥታ ወደ ላይ ካደረሰች በኋላ ነው። ያን ዕለት ሥራ አረፈደች። አለቃዋ ለምን እንደዘገየች ሲጠይቃት ምን ብላ እንደመለሰች እግዚአብሔር ይወቅ።

የመዘምራኑን መሪማ ተዉት። አዲስ መዝሙር አስጠንቶ ጉባኤው ሁሉ እያጨበጨበ ሲወጣ፣ በሩ ላይ እትዬን አገኛቸው። ሙገሳ የጠበቀ መሰለኝ፣ ጎንበስ አለ።

"እንዴት አገኙት እትዬ?"

"ሰማሁት። 'እኔ'፣ 'ለእኔ'፣ 'በእኔ'፣ 'ከእኔ'። ልጄ፣ ለማን ነው የምትዘምሩት? ለመስተዋት?"

የመሪው ድምፅ ያን ሰሞን ተዘጋ። በጸሎት ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ "ጌታ ሆይ፣ ዘንድሮስ ቆርጬ ተነሥቻለሁ" ብሎ ሲጀምር፣ ከኋለኛው ወንበር አንዲት ሳል ትሰማለች። ደረቅ ናት፤ አጭር ናት። የጸሎቱ ባለቤት "ማለቴ፣ አንተ አስነሥተኸኛል" ብሎ ያስተካክላል። ሳሏም ታርፋለች። እኛ ጉባኤ ውስጥ ያደጉ ልጆች እስከ ዛሬ የራሳቸውን ስም ሲጠሩ ጉሮሯቸውን ይከረክራቸዋል።

ሰው-ተኮር! ይህች ቃል በእትዬ አፍ ከስድብ ትብሳለች። አንድ ጊዜ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ፣ ወጣት ነው፣ ደስ ብሎት "እናቴ፣ ሰውነትዎ ራሱ ታግሎ አሸነፈ እኮ!" አላቸው። ሙቀት መለኪያው ምላሳቸው ሥር ነው፤ መናገር አይችሉም። ግን ቅንድባቸውን አይቼ "ዶክተር፣ ሽሽ!" ልለው ምንም አልቀረኝም። መለኪያውን አወጡት። "ራሱ?" አሉ። ሐኪሙ ሌሎቹን በሽተኞች የጎበኘው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ትኩሳታቸውም ያን ዕለት ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር አሉ፤ ከክርክሩ ይሆን ከበሽታው ማንም አላወቀም።

ለዚህ ሁሉ ሙግት አንድ ማሰሪያ አላቸው። የትም ይጀምሩ የት፣ መጨረሻቸው "ልብስ ራሱን ያጥባል እንዴ?" ነው። ይህን ብለው እጃቸውን ወገባቸው ላይ ካደረጉ ነገሩ አበቃ፤ መዝገቡ ተዘጋ።

በሥራቸውም ቢሆን አንድ ነገር አይታገሡም፤ ደንበኛ ቤቱ አጥቦ ያመጣውን ልብስ። የሰው ልጅ እድፉን ለማሳየት ያፍራል። ኮቱ ላይ ዘይት ሲደፋበት በሙቅ ውኃ ይፈትገዋል፣ በጥፍሩ ይቧጥጠዋል፤ ከዚያ "እትዬ፣ ትንሽ ነገር ነክቶት ነበር" እያለ ይመጣል። እድፉ ግን በፈተጋው ብዛት ጨርቁ ውስጥ ሥር ሰዷል። ያኔ የጣውላዋ ግድግዳ ትርገፈገፋለች።

"ማን አጥበህ አምጣ አለህ? እንዳለ ማምጣት ምን ይልሃል? ለማጠብ አይደል እኔ እዚህ የተጎለትኩት?"

ኃይለኛ ሴት ናቸው። ነገር ግን እግዚአብሔር ሚዛናዊ ነውና ባል ሰጣቸው።

ባለቤታቸው ክቡር ጋሽ መታዘዝ ልብስ ተኳሽ ናቸው። እትዬ በጓሮ በኩል ያጥባሉ፤ ጋሽ መታዘዝ በመስኮቱ በኩል ይተኩሳሉ። ቀጭን ናቸው፣ ዝግተኛ ናቸው፤ ከእትዬ ዐሥር ቃል የእሳቸው አንዷ ትበቃለች። ትምህርታቸው ከካውያቸው ጋር አንድ ነው። ሰው ዳነ ማለት ዳር ደረሰ ማለት አይደለም፤ ይታዘዝ፣ ይቃና፣ መስመር ይያዝ። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎቱ መካከል የሚሰማው ይኸው ነው።

"ጸጋ አጠበህ፤ ደግ። ታጥበህ እንደ ተጨማደድክ ልትቀር ነው?"

"ካውያው በምን ይሞቃል? ባንተ ትእዛዝ?"

"በኤሌክትሪክ።"

"እሱስ ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ?"

"ቁጭ ብዬ ያንቺን ስብከት እሰማለሁ።"

"ሰው-ተኮር!"

"እሺ፣ ይህን ሸሚዝ አቀብዪኝ።"

ዕድሜያቸውን እንዲህ ኖሩ። እኛ ጎረቤቶቹም ተጠቃሚዎች ነን። ክርክሩ በጋለበት ቀን ጋሽ መታዘዝ ካውያውን ስለሚጫኑት፣ የሱሪው መስመር ጢም ይላጫል። ሠርግ ያለበት ሰው ልብሱን ከማምጣቱ በፊት ወደ እኔ ብቅ ብሎ "ዛሬ እንዴት ናቸው?" ይለኛል። "ስለ ነፃ ፈቃድ ይዘዋል" ካልኩት ሮጦ ኮቱን ያመጣል።

አሁን ወደ ዘበኛው ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሱ ነውና።

ከመንገዱ ማዶ የዱቄት መጋዘን አለ። ዘበኛው ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲስቅ የብረት በሩ አብሮት ይስቃል። ሲጠጣ ግን በሩም እሱም ዝም ይላሉ። አንድ ማለዳ የደንብ ልብሱን በፌስታል ይዞ ማጠቢያ ቤት ገባ። ሰክሮ የወደቀበት ጭቃ፣ ያቀረሸበት፣ ሌላም ሌላም ነበረበት። አፍሮ ሌሊቱን ቤቱ ሲፈትገው አድሯል። እትዬ ፌስታሉን ገልጠው እንዳዩ ያቺን የታወቀች ጩኸታቸውን ለቀቁት።

"ማን አጥበህ አምጣ አለህ? እንዳለ አታመጣም?"

ስንት ሰው ይህን ጩኸት ሰምቶ ተቆጥቶ ወጥቷል፤ ስንቱ ስቋል። ዘበኛው ግን አግዳሚ ወንበሯ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና አለቀሰ። ያ ሁሉ ገላ እየተንቀጠቀጠ። እትዬ ደነገጡ። ጋሽ መታዘዝ ካውያቸውን አቆሙ። እኔም በዚህኛው በኩል አንድ ደቃቅ ብሎን ከእጄ አመለጠኝ፤ እስከ ዛሬ አላገኘኋትም።

"እንዳለ ይመጣል እንዴ እትዬ?" አለ፤ ስለ ልብሱ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን።

"እንዳለ ነው እንጂ! ሌላ ምን አመጣጥ አለ?"

በሚቀጥለው እሑድ ከእትዬ ጎን ተቀምጦ አየሁት። ብዙም ሳይቆይ ጥምቀት ጠየቀ። የጉባኤያችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ ክቡርነታቸው ጋሽ በቅድሚያ፣ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ብቻ ያለ "በቅድሚያ" አፋቸው አይከፈትም። "በቅድሚያ ፍሬ ይታይ" አሉ። ዘበኛው ጠበቀ። መጠጡን ተወ፤ ወደቀ፤ ተወ፤ ደግሞ ወደቀ። በወደቀ ቁጥር ቀጠሮው ይገፋል፤ ቀጠሮው በተገፋ ቁጥር ይወድቃል።

ጋሽ መታዘዝ ታዲያ አንድ ልማድ አመጡ። አመሻሽ ላይ ካውያቸውን ነቅለው፣ ዘበኛው ከሥራ ሲወጣ ጠብቀው፣ መጠጥ ቤቶቹን አልፎ ቤቱ እስኪገባ አብረውት ይሄዳሉ። እትዬ ይህን ጸጥ ብለው የሚያልፉ አይደሉም።

"ምነው፣ ጸጋን በእግር መሸኘት ጀመርክ?"

"እሱ በጸጋ ይሂድ። እኔ በጎኑ እሄዳለሁ።"

እትዬ ያን ዕለት ከዚያ ወዲያ ሳሙናውን እንጂ ማንንም አልተቆጡም።

ባለፈው ሰሞን ዘበኛው ወደ ማጠቢያ ቤቱ መጣና ባንኮኒውን ተደግፎ ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ለቅሶ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

"እትዬ፣ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ስለ እኔ ይነጋገራሉ አሉ። ንጹሕ ሰው ብሆን ኖሮ ውኃውን ምን አደርገው ነበር? ዘንድሮም በኋላ ና ካሉኝ፣ አልቀየማቸውም፤ ግን ሁለተኛ ደጃቸውን አልረግጥም። በር ላይ መቆሙን እንደሆነ መጋዘኑም ጋ እቆማለሁ።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማጠቢያ ቤቱ ተዘጋ። ቅዳሜ፣ ሥራ በሚበዛበት ቀን! እትዬ ነጠላ ጫማቸውን በቆዳ ጫማ ቀይረው ከፊት፣ ጋሽ መታዘዝ ከኋላ፣ እኔም የሰው ሰዓት እንደ ተፈታታ ጥዬ ከእነሱ ኋላ። የተጠሩት ጋሽ መታዘዝ ብቻ ነበሩ። መታዘዝን አጥብቀው ስለሚያስተምሩ፣ ሽማግሌዎቹ "ይደግፉናል" ብለው ነው የጠሯቸው። እትዬን ማን ይጠራል? ግን ማን ያስቀራል?

የጉባኤው አዳራሽ እንደገባን ቀዳሚውን ቃል እትዬ ነጠቁ። ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ አዳራሹ ጠበበ። ስለ እድፍ፣ ስለ ሙቅ ውኃ፣ አጥቦ ስለሚመጣ ደንበኛ። "ልብስ ራሱን ያጥባል እንዴ?" ብለው እጃቸውን ወገባቸው ላይ ሲያደርጉ፣ አለቀ፣ አሸነፍን ብዬ ልነሣ ነበር።

ጋሽ በቅድሚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እህታችን፣ ግሩም ነው። በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አጥበው የሰቀሉት ኮት ከመስቀያው ወርዶ መጠጥ ቤት ሄዶ ያውቃል?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እውነት ለመናገር እኔንም ሳቅ ቀደመኝ። የእትዬ እጅ ከወገባቸው ወረደ። እኚያን ሴት ቃል ሲያጥራቸው ገና ያን ቀን አየሁ። ትንሽ ሆኑብኝ። ስለ ራሳቸው አልነበረም፤ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ፣ በመጋዘኑ አቅጣጫ ሄዶ ቀረ።

"እንግዲህ ከእርስዎ እንስማ" አሉ ሰብሳቢው ወደ ጋሽ መታዘዝ ዞረው፤ እንደ ወዳጅ፣ እንደ ወገን።

ጋሽ መታዘዝ ቀስ ብለው ተነሡ። ሰውዬው ሲነሡም እንደ ተተኮሰ ሱሪ ነው፣ ቀጥ ይላሉ።

"እኔ ወሬ አላውቅም። ዕድሜዬን በሙሉ ከዚህች ሴት ጋር የተከራከርኩት መታዘዝ ይቅደም እያልኩ ነው። ዛሬም እላለሁ።" ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እንግዲያው እንታዘዝ። አጥምቁ ተባልን። መዝናችሁ፣ ፈትናችሁ፣ ዓመት አቆይታችሁ አጥምቁ የሚል ትእዛዝ ያየ ካለ ያሳየኝ፤ ዛሬውኑ እታዘዛለሁ። ያ ሰው መታዘዝ እያቃተው ይወድቃል፤ ሰክሮ ነው እንበል። እኛስ? ሳንሰክር መታዘዝ ያቃተን ምን ሆነን ነው?"

ከዳር ያሉ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ቢወድቅስ?" አሉ።

"እናነሣዋለን። እሱም ትእዛዝ ነው።"

"ደግሞ ቢወድቅስ?"

"ወንድሜ፣ ማንሣት ከሰለቸዎት እኔ አለሁ። እርስዎ ውኃውን ያዘጋጁ።"

ሁላችንም ወደ ሰብሳቢው አየን። ጋሽ በቅድሚያ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ አወለቁ። "በቅድሚያ..." አሉና ቆሙ። እላችኋለሁ፣ እኚያ ሰው ክፉ አይደሉም፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲላላ አየሁ። "በቅድሚያ፣ ገንዳው ይታጠብ። ለእሑድ ይድረስ።"

የምሥራቹ ይህ ነው! የዘበኛው ነው! እልል በሉ እንጂ!

እንደወጣን እትዬ ባላቸውን አቅፈው የሚስሙ መስሎኝ ፊቴን ዞር አደረግሁ። እንደ እኔ የዋህ የለም።

"አንተ ሰውዬ! በተሳሳተ መንገድ ሄደህ ትክክለኛ ቦታ ደረስክ አይደል?"

"ደረስኩ አይደል?"

"አንተ ደረስክ? አድርሶህ ነው እንጂ!" ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። "ምን ታየኛለህ? በረኪናው ነው።" በዚያ ጎዳና ላይ የጠብታ ያህል በረኪና አልነበረም።

እንዲያው ስለ እሳቸው ሰው ብዙ ይለኛል። "ክርክር ምን ይረባል? ጸጋ ይቅደም መታዘዝ፣ እግዚአብሔር መሃል ይሁን ሰው፣ እንጀራ አይሆን! ዝም ብሎ መዋደድ አይሻልም?" ይሉኛል። አይሻልም እላለሁ! ዝም ብለው የሚዋደዱ ሰዎች ያን ሰውዬ ዝም ብለው በር ላይ ያስቀሩት ነበር። እነዚህ ሁለቱ በእንፋሎት ውስጥ ቀንና ማታ ሲፋጩ ስለኖሩ፣ ቀኑ ሲደርስ የተሳለ ነገር በእጃቸው ነበር። የቤቱ አከራይ አምና "ግድግዳውን በብሎኬት ላሠራልህና ከዚህ ጩኸት ልገላግልህ" ብሎኝ ነበር። ጣውላዋን የሚነካ ወዮለት አልኩት። ብሎኬት መጥቶ የእትዬን ድምፅ ከሚወስድብኝ፣ ሰዓቶቹ በሙሉ ቢቆሙ እመርጣለሁ።

ወደ መጋዘኑ መንገድ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ታዲያ ሁለቱ ቆሙ።

"'ሽማግሌዎቹ ፈቀዱልህ' ብለህ እንዳትነግረው!" አሉ እትዬ። "ፈቃዱ የማን ሆነና? 'ድሮም ተቀብሎሃል' ነው የሚባለው።"

"'እሑድ ማለዳ ቅያሪ ልብስ ይዘህ ና' ነው የሚባለው።"

"ከቅያሪ ልብስ ትጀምራለህ? የምሥራች ከሰው ሥራ ይጀመራል?"

"ታዲያ ረጥቦ ይመለስ?"

"ሰው-ተኮር!"

"አንቺ ሴት፣ ሰውየው ብርድ ይመታዋል እኮ ነው የምልሽ!"

መንገደኛ እየዞረባቸው ያልፋል። አንዲት መኪና ጡሩንባዋን ነፋች። እነሱ ምን አዩ፣ ምን ሰሙ! የዘበኛው መልቀቂያ ሰዓት ተቃርቧል፤ በዚያ ልቡ ብቻውን በመጠጥ ቤቶቹ በኩል ሊያልፍ ነው። እኔ ጠቢብ አይደለሁም፤ ጸጋው ይቅደም ቅያሪ ልብሱ አላውቅም። የማውቀው ሰውየው ገና አለመስማቱን ነው። ቀስ ብዬ ከመሃላቸው ወጣሁ፤ አላዩኝም። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ "ምን ሆነህ ነው በዚህ ዕድሜህ?" አሉኝ። ቆሜ ልነግራቸው አልቻልኩም፤ እግሬ አስቀድሞ መሮጥ ጀምሮ ነበር። የመጋዘኑ የብረት በር ከሩቅ ታየኝ። ከፊቱ አንድ ግዙፍ ሰው ኮቱን እየቆለፈ ነው።

"ቆይ! ቆየኝ!" አልኩ።